ስትነሳ «ኳ» ካለ፦ የኋላ ዲፈረንሻል ችግርና መፍትሄ

ፒክአፕ ለድራግ (ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ለሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ማዘጋጀት የሚያምራቸው ልጆች ወሬያቸው ሁሉ ሞተር ነው። ቱርቦ ይጨመር፣ ኮምፒውተሩ ይነካ፣ ጭስ ማውጫው ይስፋ። ዲፈረንሻል፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል፣ ትዝ የሚላቸው ተሰብሮ አስፋልቱ ላይ ዘይት ሲያፈስ ነው። ጎንደር ላይ የድራግ ሜዳ ባይኖርም ነገሩ እኛንም ይነካል። አሜሪካ ውስጥ 402 ሜትር የሚፎካከር ፒክአፕና ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ወደ አዘዞ የሚወጣ አይሱዙ ዲፈረንሻል የሚሰብሩት በአንድ ምክንያት ነው።

እሱም ጎማው አስፋልቱን አልለቅም ማለቱ ነው። ሂሳቡን እየው፦ ሞተሩ 350 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ይስጥ፣ አንደኛ ማርሽ በ4 ያባዛው፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በ4 ይድገመው። አክስሉ ጋ ሲደርስ 5,600 ሆኗል። ጎማው ከተንሸራተተ ይሄ ሁሉ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የሚያጣብቅ የውድድር ጎማ ከገጠምክ ወይም ከላይ 40 ኩንታል ከከመርክ ግን አይንሸራተትም፣ ፍሪሲዮን ድንገት ስትለቅ ደግሞ ምቱን የሚቀበለው ያው ዲፈረንሻሉ ነው። በነገራችን ላይ ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር እዚህ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ለዲፈረንሻሉ ይሄ እረፍት ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ግን የጎደለውን አብዛኛውን ያካክሳል፣ ስለዚህ በከፍታው አትመካ።

ወደ ምልክቶቹ እንግባ።

ስትነሳ ወይም ማርሽ ስትቀይር «ኳ» ይላል። ወዲያው ዲፈረንሻል አታስፈታ። ሜዳ ላይ አቁመህ ሞተሩን አጥፋ፣ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ። ብዙ አይሱዙ ላይ እጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ ስለሆነ ታኮው በደንብ መያዙን አይተህ ልቀቀው። ከዚያ ስር ገብተህ ዘንጉን በእጅህ ወዲህና ወዲያ አዙር። ክሮቼራው (የዘንጉ መጋጠሚያ መስቀል) ከተወዛወዘ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ በርካሽ ተገላገልክ። ክሮቼራው ደህና ሆኖ ዘንጉ ጎማ ሳይነካ ብዙ የሚዞር ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሳተላይት ማርሾች ወይም የተሰኩበት ፒን ተበልቷል። እነሱን ለብቻ መቀየር ይቻላል።

ነዳጅ ስትሰጥ ያፏጫል፣ ስትለቅ ይጠፋል ወይም ድምፁን ይቀይራል። እዚህ ጋ ቆም በል፣ ብዙ ብር የሚባክነው በዚህ ነው። ኮሮናው (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቅ ክብ ማርሽ) እና ፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሽ ማርሽ) በትክክል አልተገናኙም፣ ወይም የፒኞን ኩሽኔታው አልቋል። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አብረው የተሞረዱ ጥንዶች ናቸው። ከአንዱ አሮጌ መኪና ኮሮና፣ ከሌላው ፒኞን ለቃቅሞ መግጠም ጥርሱ ቁጥሩ ቢገጥምም ማስጮሁ አይቀርም። ሲገጠም ደግሞ በዓይን አይሆንም። መካኒኩ የኮሮናውን ጥቂት ጥርሶች ቀለም ቀብቶ፣ ኮሮናውን በእጁ ትንሽ ገታ አድርጎ፣ ፒኞኑን ያዙር። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ሁሉን ይነግርሃል። መሀል ላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ ጥርሱ ስር ከወረደ ፒኞኑ በጣም ገብቷል፣ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ርቋል፣ በሺም (ስስ የብረት ቀለበት) ይስተካከላል። በኮሮናና በፒኞን መካከል ያለው ክፍተት በብዙ መኪና ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትክክለኛውን ከመኪናው ማኑዋል እይ። የሚለካው በሰዓት መለኪያ (ዳያል ጌጅ) ነው፤ በእጁ እየነቀነቀ «ይሄ ይበቃል» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ለውድድር የሚያዘጋጁት አንድ ነገር ይጨምራሉ። ጭነት ሲበረታ ኮሮናው ከፒኞኑ ይሸሻል፣ ጥርሱም በጫፉ ብቻ ስለሚይዝ ይሰበራል። ለዚህ የኩሽኔታ መያዣዎቹን በብሎን ደግፎ የሚይዝ ወፍራም ክዳን ይገጥማሉ። የፎርድ 9 ኢንች ዲፈረንሻል ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተወደደው አንዱም በዚህ ነው፣ ፒኞኑ ከኋላው ተጨማሪ ኩሽኔታ አለው።

የፒኞን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ጎማ) እየቀየርክ አሁንም ያፈሳል። አንዳንዴ የዲፈረንሻሉ አየር መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ ነው፣ አጽዳው። መተንፈሻው ንጹህ ሆኖ ፒኞኑ ከተነቃነቀ ግን የውስጡ ቀለበት ተጨፍልቆ ኩሽኔታው ላልቷል። ዳዶውን በጉልበት ማጥበቅ መፍትሄ አይደለም፣ ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል። አዲስ ቀለበት አስገባ፣ ለውድድር ከሆነ የማይጨፈለቅ ጠንካራ ስፔሰር ይሻላል።

ስትነሳ የኋላው ይዘላል። ባሌስትራው እየተጠማዘዘ ነው። ጎማው ለቀቅ ያዝ ባደረገ ቁጥር አክስሉን በመዶሻ እንደመምታት ነው። መጀመሪያ የባሌስትራውን ዩ ቦልት አጥብቅ፣ ካልበቃ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የሚደግፍ ብረት አሠራ። ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ውድ አክስል ይገዛል፣ እሱንም ይሰብረዋል።

አንድ ጎማ ብቻ ይዞራል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ተራ ዲፈረንሻል እንዲህ ነው። ሎከር (ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚቆልፍ) ወይም ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይዞር የሚገድብ) ግጠም። ሳተላይቶቹን በብየዳ የሚያጣብቁ አሉ። ቀጥ ባለ የድራግ ሜዳ ላይ ያስኬዳል፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ግን ጎማ ይበላል፣ አክስል ይሰብራል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ መኪናውን ከመንገድ ያስወጣል። አታድርገው።

አክስሉ ከተሰበረ የሌላኛውንም ጎን አውጥተህ ጫፉ ላይ ያሉትን ጥርሶች እይ። ቀጥ ማለት ሲገባቸው እንደ ገመድ ከተጠመዘዙ እሱም ቀኑን እየጠበቀ ነውና አብረህ ቀይር። የጥርስ ቁጥሩ ከፍ ሲል አክስሉም ይወፍራል፣ ከ31 ወደ 35 የሚሄዱት ለዚህ ነው።

የዲፈረንሻል ዘይት ስትቀይር የብረት ብናኝ የሚይዘውን ማግኔት እይ። ግራጫ ልሙጥ ጭቃ የተለመደ ነው፣ ጥፍር የሚያህል ስባሪ ካለ ግን መኪናውን አታንቀሳቅስ። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ከገባ በመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ያህል ቀስ ብለህ ንዳና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አትጫን፣ ፍሪሲዮንም በድንገት አትልቀቅ። ከዚያ ዘይቱን አፍስሰህ በአዲስ ሙላ።