የሟች ገንዘብና የባንክ ደጃፍ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባዬ ባረፈ በወሩ የሱቁ ተከራይ እንደ ወትሮው ኪራዩን በአባዬ ሂሳብ አስገባ። ደረሰኙንም በቴሌግራም ላከልኝ። ገንዘቡ ገብቷል፤ ማውጣት ግን አይቻልም። ሂሳቡ ታግዷል። በዚያው ሳምንት የኮንዶሚኒየሙ ወርሃዊ ክፍያ ደረሰ። እሱም የሚከፈለው ከዚያው ከታገደው ሂሳብ ነበር።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ፍርድ ቤትም ሆነ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ለመድረስ እስከ ቃሊቲ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ሌላ ትራንስፖርት መያዝ አለብን። አንዲት ወረቀት ከጎደለች አንድ ሙሉ ቀን ትበላለች። እኛ በውርሱ ስም አንድ ሂሳብ ለማስከፈት ሰባት ወር ፈጅቶብናል። ግማሹን ጊዜ የበላው መጀመሪያ መሠራት የነበረበትን መጨረሻ ላይ መሥራታችን ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው እኛ በተንከራተትንበት መንገድ እንዲንከራተት አልፈልግም።

የሟቹን ካርድና ስልክ መጠቀም

ይሄ በብዙ ቤት ይደረጋል። የይለፍ ቁጥሩን ልጅ ያውቀዋል። ለለቅሶው ወጪ ተብሎ ከኤቲኤም ይወጣል፤ ከቴሌብሩም ይላካል። ሰው በክፋት አያደርገውም። ድንኳኑም፣ ምግቡም፣ የአስከሬን ሣጥኑም ገንዘብ ይፈልጋል።

ግን ሰውየው ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ያ ገንዘብ የውርስ ሀብት ነው። ከቀብር ማግስት የወጣ ብር በስቴትመንቱ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ይታያል። ነገ አንዱ ወንድም «ማን አወጣው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያስፈልጋል። የቀብር ወጪ በሕጉ ከውርሱ ላይ ከሁሉም ቀድሞ የሚከፈል ዕዳ ነው። ስለዚህ ከኪስ አውጡ፣ ደረሰኝ ያዙ፣ በኋላ ይተካላችኋል። ስልኩን ግን ለማንም አትስጡ፤ ሲም ካርዱም አይዘጋ። አባዬ በየትኞቹ ባንኮች ሂሳብ እንደነበረው ያወቅነው ከቆዩ የጽሑፍ መልእክቶቹ ነው።

የውክልናም ነገር ያው ነው። አባዬ በሕይወት ሳለ ለታላቅ ወንድሜ ውክልና ሰጥቶት ነበር። ወንድሜ በእሱ ሊሠራ ሄዶ ተመለሰ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል።

የሞት ምዝገባን ከአርባው በኋላ ማድረግ

«አርባው ይውጣና እንሄዳለን» ተባባልን። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕጉ ግን ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ነው የሚያዘው። አርባችንና የመንግሥት ቀነ ገደብ አይገጥሙም። ካለፈም ይመዘገባል፤ ግን ተጨማሪ ማብራሪያና ተጨማሪ ምልልስ አለው። ሐዘንተኛው ራሱ መሄድ የለበትም። አንድ የቅርብ ዘመድ ሰነዶቹን ይዞ ወረዳው ሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ቢሄድ ይበቃል። የሞት የምስክር ወረቀቱ ሳይኖር ፍርድ ቤቱ መዝገብ አይከፍትም፤ ባንኩም ፋይል አይጀምርም።

የወራሽነት ማስረጃ ብቻ ይዞ ባንክ መሄድ

ትልቁ ስህተታችን ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማስረጃ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ የሟቹ ወራሾች እነማን እንደሆኑና ድርሻቸው ስንት እንደሆነ። ማን ኪራይ ይሰብስብ፣ ማን ዕዳ ይክፈል፣ ማን ቼክ ላይ ይፈርም የሚለውን አይናገርም። እኛ አራት ልጆች የአራታችንም ስም ያለበትን ወረቀት ይዘን ቅርንጫፉ ሄድን። ኦፊሰሩ አየውና «አራታችሁም ወራሽ ናችሁ። እሺ፣ ለማን ልክፈተው?» አለን። ያኔ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ውርሱ ወዲያው ተከፋፍሎ የሚያልቅ ከሆነ ሂሳብ መክፈት ላያስፈልግ ይችላል። ፍርድ ቤቱ «ለየወራሹ ድርሻውን ክፈል» ብሎ ለባንኩ ይጽፋል፣ ያልቃል። እንደ እኛ ወር በወር የሚገባ ኪራይና ወር በወር የሚወጣ የቤት ዕዳ ካለ ግን በመካከል ውርሱን የሚያስተዳድር ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውርስ አጣሪ ይባላል። ሥራው ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን መፈለግ፣ ወራሾቹን መለየት፣ ንብረቱን ማስተዳደርና የደረሰ ዕዳ መክፈል ነው። ኑዛዜ ከሌለ ማጣራቱ የወራሾቹ የራሳቸው ነው። ባንክ ግን አንድ ስም፣ አንድ ፊርማና አንድ የፍርድ ቤት ማህተም ይፈልጋል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ሠራን። ተመልሰን ሄደን እኔን አጣሪ አድርጎ የሚሾም ትእዛዝ አወጣን። ትእዛዙ ስለ ባንክ ሂሳብ አንድ ቃል አልነበረውም። ቅርንጫፉ ፋይሉን ወደ ሕግ ክፍል ላከው። ሕግ ክፍሉ «ሂሳብ እንዲከፈት የሚል ትእዛዝ የለውም» ብሎ መለሰው። ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ሁለት ወር።

ስለዚህ ማመልከቻው መጀመሪያውኑ ሙሉ ይሁን። ፍርድ ቤቱን አጣሪ እንዲሾም ስትጠይቁ አብራችሁ እነዚህን ጠይቁ። ባንኮች በሟቹ ስም ያለውን ሂሳብና መጠኑን እንዲገልጹ፤ ቤተሰብ በቃል ቢጠይቅ በደንበኛ ምስጢር ምክንያት አይነግሩም። በውርሱ ስም አዲስ ሂሳብ እንዲከፈት፤ ማን እንደሚፈርም በስም ይጠቀስ። በታገደው ሂሳብ ያለው ገንዘብ ወደዚያ እንዲዛወር። ከዚያ ሂሳብ ምን ምን ሊከፈል እንደሚችል፤ እኛ የቤቱን ወርሃዊ ክፍያና የሱቁን ግብር አስጠቀስን። ትእዛዙ ለባንኩ በስሙ ተጽፎ በመዝገብ ቁጥር ይውጣ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ይህን ሁሉ ካልነገራችኋቸው የተለመደውን ሁለት አንቀጽ ጽፈው ይሰጧችኋል።

የተረጋገጠ ግልባጭም በርከት አድርጋችሁ አውጡ። ባንኩ አንዱን ያስቀራል፣ ወረዳው አንዱን፣ ገቢዎች አንዱን።

በአንድ ልጅ የግል ስም «ለጊዜው» መክፈት

ሲታክት የሚመጣ ሐሳብ ነው። «በቃ በእህታችን ስም ይከፈትና ኪራዩ እዚያ ይግባ፤ እናምናታለን።» እኛም ተነጋግረንበት ነበር። አጎቴ ነው ያስቆመን። «እሷን ብትወዷት ይህን ሸክም አትጫኑባት» አለ። እውነቱን ነው። በግል ስም የተከፈተ ሂሳብ በሕግ ፊት የዚያ ሰው ገንዘብ ይመስላል። እሷ አንድ ነገር ብትሆን የአባታችን ውርስ ከእሷ ውርስ ጋር ይደባለቃል። ባለ ዕዳ ብትሆን ሊታገድ ይችላል። የግል ደሞዟ እዚያው ከገባማ ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ብር የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የሂሳቡ ስም «የሟች እገሌ ውርስ አጣሪ» የሚል ይሁን። ቅርንጫፉ «እንዲህ ዓይነት ሂሳብ ከፍተን አናውቅም፤ ሲስተሙ አይቀበልም» ሊል ይችላል። እውነትም ብዙ ሠራተኛ አጋጥሞት አያውቅም። አትጣሉ። ሥራ አስኪያጁን አነጋግሩና ጥያቄው በጽሑፍ ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲላክ ጠይቁ። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ያዙ። ቁጥር ከሌለው ደብዳቤው የት ደረሰ ብላችሁ መጠየቅ አትችሉም።

በአዲስ አበባ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት የፋይዳ ቁጥር ግዴታ ሆኗል። እኛን «የባለ ሂሳቡን ፋይዳ አምጡ» ብለውን ነበር። አባዬ ሳይመዘገብ ነው ያረፈው። የሚፈለገው የአጣሪው ፋይዳ እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጀ። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ አጣሪዋን በስም ስለጠቀሰ ነው የተሳካው።

በስሙ ላይ አለመጠንቀቅ

የአባዬ ስም «ኃይለ» ብሎ ይጀምራል። በቀበሌ መታወቂያው በ«ኃ» ነው፤ በሞት የምስክር ወረቀቱ በ«ሀ»። የኮንዶሚኒየም ውሉ ላይ የአያቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ባንኩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የመዘገበው። አራት ወረቀት፣ አራት ሰው የሚመስል ስም። ከሞት ምዝገባው በፊት የባንክ ደብተሩን፣ የቤቱን ውልና መታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አንብቡ። የሚለያይ ከተገኘ ለፍርድ ቤቱ በማመልከቻው አስረዱና ውሳኔው ላይ «በዚህም በዚያም ስም የሚጠራው አንድ ሰው ነው» ተብሎ ይስፈር። የቤት ስም ያላቸው ሰዎች ቤተሰብ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ።

መዝገቡን በተሳሳተ ቦታ መክፈት

ይሄ በተለይ እኛን የከተማ ዳር ሰዎችን ይነካል። ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ባንኩ ወይም ሱቁ ያለበት ቦታ አይደለም። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ የሚኖር ሰው ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ ሲሠራ ይውላል፤ ዋና መኖሪያው ግን ሸገር ከተማ ነው። ጉዳዩም በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይታያል። ውሳኔው በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍ አዲስ አበባ ያለው ባንክ ትርጉም ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ቀድማችሁ አስቡበት። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ብዙ ጊዜ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል። የዚያንም ጊዜ ቁጠሩ።

የእናትን ድርሻ ውርስ ውስጥ መጨመር

እማዬ «እኔም ወራሽ ነኝ» ስትል ነበር። ኑዛዜ ከሌለ ግን የትዳር ጓደኛ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወራሽ አይደለም። ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ዕድሜዋን የለፋችበት ቤት የልጆች ብቻ የሆነ መሰላት። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በትዳር ዘመን የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእሷ ነው። ውርስ የሚባለው የአባዬ ግማሽ ብቻ ነው። ለእናቶቻችን ይህን ከጠበቃም ከዳኛም በፊት እኛ ቁጭ ብለን፣ ረጋ ብለን ማስረዳት አለብን።

ባንኩ ግን ሂሳቡን በሙሉ ነው የሚያግደው። የእሷን ግማሽ ለማስለቀቅ ጋብቻው መረጋገጥ አለበት። በድሮ ጊዜ በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን የተጋቡ ብዙ ወላጆች የጋብቻ የምስክር ወረቀት የላቸውም። እንዲህ ከሆነ ሚስትነቷም በፍርድ ቤት ይረጋገጥ፤ ጥያቄው ከወራሽነቱ ጋር አብሮ ይቅረብ።

ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ ውጭ አገር ያሉም ካሉ

ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ ድርሻው በፍርድ ቤት ትእዛዝ በዝግ ሂሳብ ሊቀመጥ ይችላል። ለትምህርት ቤት ክፍያ እንኳ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከውርሱ ሂሳብ ጋር አትደባልቁት።

ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት በኤምባሲ ውክልና ይልካል። ውክልናው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽምልኝ» የሚል ጥቅል ውክልና ለዕለታዊ አስተዳደር እንጂ ለሌላ ብዙም አያገለግልም። ሂሳብ መክፈት፣ ገንዘብ ማውጣት፣ ውርስ መካፈል የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። ቶሮንቶ ያለው ወንድሜ ሁለት ጊዜ ነው የላከው።

ውርስ ያልሆነውን ከውርስ ጋር መቀላቀል

የተተኪዎች ጡረታ ውርስ አይደለም። ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጆችና ለወላጆች በጡረታ ሕጉ በቀጥታ ይከፈላል። ተጠቃሚው በስም የተጠቀሰበት የሕይወት መድንም እንዲሁ። እነዚህ የውርሱ ሂሳብ ውስጥ አይግቡ። የእድር ገንዘብም ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የሚሰጥ ነው።

እቁብ ግን ይለያል። አባዬ ሁለት እቁብ ነበረው። አንዱን በልቶ ገና እየከፈለ ነበር፤ ያ ዕዳ ነው። ሌላኛው አልደረሰውም ነበር፤ ያ ደግሞ ሀብት ነው። የእቁቡ ዳኛ ቤታችን መጥቶ ደብተሩን ከፍቶ አሳየን። ሁለቱንም በዝርዝራችን ላይ ጻፍናቸው፤ ያልደረሰውም ሲደርስ ገንዘቡ በውርሱ ሂሳብ ገባ።

አሁን ኪራዩ በትክክለኛው ሂሳብ ይገባል፤ የቤቱም ክፍያ ከዚያው ይወጣል። በየሦስት ወሩ ስቴትመንት አውጥቼ ለእማዬ፣ ለእህቴና ለወንድሞቼ በቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ እልካለሁ። ክፍፍሉ ሲያልቅ የመጨረሻውን ሂሳብ ለፍርድ ቤት አቀርብና ሂሳቡን አዘጋለሁ።