የጋራ ሮቶ የውኃ መዝገብ አያያዝ

ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ገቢው በሞዴል 19 ቅጽ፣ ወጪው በሞዴል 22 ቅጽ፣ ቀሪው በቢን ካርድ፣ ማለትም በዕቃው ቀሪ መቁጠሪያ ካርድ። ጡረታ ወጥቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስገባ ጎረቤቶቼ የውኃ ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። ብሎካችን በአንዲት ቧንቧ ብቻ ከከተማው ጋር የተያያዘ ደሴት ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ሁለት ቀን ሳይቆይ ያልቃል፣ ከዚያ «ማን ጨረሰው?» ይመጣል። ጠቡን ያበረደው ደብተር ነው። እናንተም ውኃን እንደ ዕቃ መዝግቡት፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ።

ገቢው ቆጣሪው ላይ አለ። ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ አንዱ 1000 ሊትር ነው። ቀዮቹ ከአንድ ሜትር ኪዩብ በታች ያለውን ያሳያሉ፤ እነርሱንም ጻፉ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡ፣ በስልክም ፎቶ አንሱ፤ የዛሬው ንባብ ሲቀነስ የትናንቱ የቀኑ ገቢ ነው። ውኃ በቦቴ ከገዛችሁ ሹፌሩ የሚነግራችሁን ሳይሆን ሮቶው ውስጥ የጨመረውን መዝግቡ።

ቀሪውን የምለካው በቀርከሃ ዘንግ ነው። የሮቶውን ወርድ በሜትር ለኩና ግማሹን በራሱ፣ ከዚያም በ3.14፣ መጨረሻ ላይ በ10 አባዙት፤ የአንድ ሳንቲሜትር ከፍታ ሊትር ይወጣል። የእኛ ሮቶ ወርዱ 2 ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሳንቲሜትር ከፍታ 31.4 ሊትር ይይዛል። ወጪው ራሱ ይወጣል፦ የትናንት ቀሪ፣ ሲደመር ገቢ፣ ሲቀነስ የዛሬ ቀሪ። ክረምት ላይ ከጣሪያ የምታጠራቅሙት ካለ ለብቻው ይያዝ፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ደርሰናል፤ ቀኑ። አንድ ጎረምሳ ጎረቤቴ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ ጥቅምት 30ን «30/2» ብሎ አስገባ። በፈረንጅ የቀን አቆጣጠር ሁለተኛው ወር፣ ፌብሩዋሪ፣ ሠላሳ የለውም፤ ማሽኑ ቀን መሆኑን አላወቀም። ጳጉሜን 5ን ደግሞ «5/13» ቢለው ሜይ 13 አድርጎ ቁጭ አለ። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ። ሰዓቱም «ጠዋት 1» ወይም «ማታ 1» ተብሎ ይገለጽ፤ ግማሹ ሰው በስልኩ 7 ብሎ ያነባልና። የጳጉሜንን ፍጆታ ከሌላ ወር ጋር ስታነጻጽሩም ለቀን አካፍሉት።

ያልተለካበትን ቀን በዜሮ አትሙሉት። ዜሮ ማለት ውኃ አልመጣም ማለት ነው፤ ካልተለካ ሰረዝ አድርጉና «ለቅሶ ሄጄ ነበር» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ። ስሕተት በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል እንጂ አይፋቅም። አንድ ጊዜ ዘበኛችንን ለአንድ ሳምንት ወክዬው ሄጄ ስመለስ ሰባቱም ንባቦች በአንድ ብዕር፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሁሉም በዜሮ አልቀው ተጽፈው አገኘኋቸው። አልተቆጣሁም፤ ሰባቱንም ሰረዝኩ። ከዚያ በኋላ ያለ ፎቶ የመጣ ቁጥር አልቀበልም።

ደብተሩ ራሱን የከፈለው በአንድ ሌሊት ነው። ወጪው በየቀኑ ከልማዱ ይበልጥብኝ ስለነበር፣ ማታ 4 ሰዓት የሮቶውን ማስገቢያ ዘግቼ ለካሁ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ስለካ 14 ሳንቲሜትር ወርዷል። 440 ሊትር ገደማ ነው! ሌሊት የሚነሣ ሰው አለ ብለን ብንቀንስለት እንኳ ይህን ያህል አይጠጣም፣ አይታጠብም። ሦስት ሌሊት ደገምኩት፤ ያው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ተከራይ ከወጣ ሁለት ወር በሆነው ቤት፣ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ ኳስ ተሰብሮ ውኃው ድምፅ ሳያሰማ ይወርድ ነበር።

ጸሐፊ ሲለወጥ ርክክብ ይደረግ። አስረካቢና ተረካቢ አብረው ዘንጉን ይንከሩ፣ ቆጣሪውን አብረው ያንብቡ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች ጽፈው ይፈርሙ። ዘንጉም ከደብተሩ ጋር ይሰጥ፤ አንዱ ተረካቢ በመጥረጊያ እጀታ ለክቶ አንድ ወር ሙሉ አሳስቶናል።