የኮርስ ብስክሌት መሪ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ የመሪን ጉድ ያወጣል። ከዚራ ጥላ ስር ሜዳው ላይ ያልተሰማችሁ ነገር ደንገጎ ዳገት ላይ ይሰማችኋል። ደግነቱ አብዛኛው ችግር በአንድ አለን ቁልፍና በትዕግስት ይፈታል።

እጅ ይደነዝዛል፣ አንገት ይደርቃል

መሪው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ኮርቻውን እዩ። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ክብደታችሁን እጃችሁ ላይ ይጥለዋል። ኮርቻው ደህና ከሆነ፣ መሪውን ከፎርኩ (የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ) ጋር የሚያያይዘውን አንገት ተመልከቱ። ከአንገቱ በላይ ቀለበቶች (ስፔሰር) ካሉ ወደ ታች አዛውሯቸው፤ መሪው በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ከላይ ያለውን ክዳን ፍቱ፣ ቀጥሎ የአንገቱን የጎን ብሎኖች አላሉ። ፎርኩ ተንሸራቶ እንዳይወርድ በአንድ እጅ ያዙት። መልሳችሁ ስታጠብቁ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ተከተሉ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር በላይ አትቀይሩ፤ ሰውነት እስኪለምደው ጥቂት ቀን ንዱበት። ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ። የፍሬን ገመዱ ከተወጠረ አጥሯል ማለት ነው።

ከላይ የሚዛወር ቀለበት ከሌለስ? የፎርኩ ቧንቧ አንዴ አጥሮ ከተቆረጠ አይረዝምም። ያኔ አንገቱን ገልብጡት። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለውና 6 ዲግሪ ወደ ታች ያዘነበለ አንገት ሲገለበጥ መሪው 2 ሴንቲሜትር ያህል ይነሳል። የተቆረጠ ስለማይመለስ ነው ቧንቧ ለመቁረጥ አትቸኩሉ የምለው። የተረፈውን ቀለበት ከላይ ደርድራችሁ ለረጅም ጊዜ ሞክሩት። ቧንቧው ካርቦን ከሆነ ግን ከአንገቱ ስር የሚገባው ቀለበት ገደብ አለው። ብዙ አምራቾች 30 ሚሊሜትር ያህል ይሉታል፤ የእናንተን ብስክሌት መመሪያ እዩ።

ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል

የመሪው ከፍታ በዝቷል። አንድ ቀለበት ከታች አንሱና ከላይ አድርጉት።

ፍሬን ሲያዝ፣ ወይም የጀጎል ድንጋይ ላይ ሲኬድ፣ ፊቱ ቋ ቋ ይላል

ይሄኛው ቸል የሚባል አይደለም። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ። ጣታችሁን ፎርኩና ፍሬሙ በሚገናኙበት ቦታ ላይ አድርጉ። የሚንቀሳቀሰው እዚያ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል። ካልተሰማችሁ ፍሬኑን ራሱን መርምሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። የላይኛው ክዳን ብሎን መሪውን አይዝም፤ ሥራው ኩሽኔታውን መጫን ብቻ ነው። መሪውን የሚይዙት የጎን ብሎኖች ናቸው። እነሱ ጠብቀው ሳለ ክዳኑን ብታጠብቁት ለውጥ የለውም፤ ብሎኑን ከማበላሸት በቀር። ስለዚህ መጀመሪያ የጎኖቹን አላሉ። ከዚያ ክዳኑን ውልውሉ እስኪጠፋ ብቻ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። መሪውን ከጎማው ጋር አስተካክሉ። በመጨረሻ የጎኖቹን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ልኩ አንገቱ ላይ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ነው።

ይህን አድርጋችሁም ካልጠበቀ ክዳኑን ክፈቱ። የቧንቧው ጫፍ ከላይኛው ቀለበት ወይም ከአንገቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። እኩል ከሆነ ክዳኑ የሚጫነው ቧንቧውን እንጂ ኩሽኔታውን አይደለም። ከላይ አንድ ቀጭን ቀለበት ጨምሩ፣ ያበቃል።

መሪው ይከብዳል

የፊት ጎማውን አንሱ። መሪው በራሱ ወደ ጎን ካልወደቀ ክዳኑ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ የጎኖቹን አላልታችሁ ትንሽ ፍቱት። ተፈቶም ሲዞር የሚሻክር ከሆነ አቧራ ገብቷል። የድሬዳዋ አቧራና ላብ ሲቀላቀሉ ለኩሽኔታ ክፉ ናቸው። ጥይቱ (የኩሽኔታው የብረት ኳሶች) የሚታይ ዓይነት ከሆነ በናፍታ እጠቡት፣ አድርቁት፣ አዲስ ግራሶ ቀቡት። የተዘጋ ከሆነ ቀይሩት። መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነም መድኃኒቱ መቀየር ነው።

የትኛውንም ነገር ከነካችሁ በኋላ የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መሃል አጣብቃችሁ መሪውን ጠምዝዙ። ከተንሸራተተ በዚያ ብስክሌት ደንገጎን አትውረዱ።

ቀለበት የሌለው የድሮ ሞዴል

ከላይ አንድ ረጅም ብሎን ብቻ ካለው፣ ጥቂት ዙር ፈታችሁ እንጨት ደግፋችሁ በመዶሻ ነካ አድርጉት። ከዚያ መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። አንገቱ ላይ የተጫረው የመጨረሻ ምልክት ግን ከውጭ መታየት የለበትም።