ከጎንደር ኤድመንተን ለሚገባ ሰው፦ የመጀመሪያዎቹ የብርድ ወራት

የጎንደር የህዳር ንጋት ቢያንዘፈዝፍም ፀሐይ ወጣ ስትል ይለቃል። ይህን ልማድ ይዛችሁ ካናዳ ኤድመንተን እንዳትወጡ። እዚያ በጥር ሰማዩ ጥርት ያለበት ቀን ብዙ ጊዜ ከደመናማው ይብሳል፤ ሌሊቱን የምድሩን ሙቀት የሚያፍን ደመና የለም፣ ዝቅ ብላ የምትዞረው ፀሐይም ታበራለች እንጂ አታሞቅም። በመስኮት አይታችሁ ሳይሆን ስልካችሁን አይታችሁ ልበሱ፤ የነፋሱን ኃይል የጨመረውን ቁጥር ፈልጉ። እሱ ከዜሮ በታች 28 ከደረሰ ያልተሸፈነ ፊት ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊመታ ይችላል።

ገላ የሚነካው ልብስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቀር ያበርዳል፤ ጋቢም ለቤት እንጂ ለውጭ አይሆንም። መሀሉን ወፍራም ሹራብ፣ ላዩን ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ልበሱ። ቦት ጫማ ስትገዙ ወፍራሙን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት፤ ጣታችሁ ውስጡ ካልተንቀሳቀሰ ደም ስለሚያግድ እግር ቶሎ ይደነዝዛል።

ጣት ወይም ጆሮ ደንዝዞ አመድማ ከሆነና ከጠነከረ አትሹት፤ ማሞቂያም ላይ አታስጠጉት፣ ስሜት ስለሌለው ሲቃጠል አይታወቃችሁም። ቤት ገብታችሁ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ በሆነ ውሃ ንከሩት። ውሃ ከቋጠረ ወይም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የቤት ማሞቂያ አየሩን ያደርቃል፤ ከታጠባችሁ በኋላ ገላችሁ ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ተቀቡ። ሊጥም በቀዝቃዛ ወጥ ቤት አልቦካ ይላል። የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሳትለኩሱ፣ የውስጥ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ እዚያ አስቀምጡት። ቀኑን አትቁጠሩ፤ ፊቱ ላይ አረፋ ካላያችሁ አትጋግሩት፣ ዓይን የሌለው እንጀራ ይወጣላችኋል።

በታህሳስ ፀሐይ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥታ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ስለምትቆይ ልጆች እንዲተኙ ጥቁር መጋረጃ ያስፈልጋል።

መንገድስ? ጎንደር ላይ ዳገቱ ወደ ጎሃ፣ ቁልቁለቱ ወደ አዘዞ እያለ ይመራል። ኤድመንተን ሜዳ ነው፣ ወንዙም ስለሚጠማዘዝ አቅጣጫ አይያዝበትም። ቁጥር ያዙ፦ የስትሪት ቁጥር ሲያድግ ወደ ምዕራብ፣ የአቬኑ ቁጥር ሲያድግ ወደ ሰሜን እየሄዳችሁ ነው።