ዋጋው ቀለል ያለ ቀይ ወይን እንዴት ይቀመሳል? ከየትኛው ምግብስ ጋር ይሄዳል?

ለመጀመር አንድ ጠርሙስ ጉደር ወይም ሪፍት ቫሊ ሜርሎ ይበቃል። ሁለቱም የአገር ውስጥ ወይኖች ናቸው፤ ሁለቱም ደረቅ፣ ማለትም ስኳር የማይሰማባቸው። ሱቅ ስትገቡ መስኮት ዳር ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ጠርሙስ አታንሱ። ሙቀትና ብርሃን ወይንን ቶሎ ያበላሹታል።

ቀጥሎ የሙቀቱ ነገር አለ። ብዙ ቤት ወይን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ግን ጥሩ የሚሆነው ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ከሆናችሁ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ቢሆን ችግር የለውም። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መዓዛው ይደበቃል።

አሁን ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ፈልጉና ሲሶውን ብቻ ቅዱ። ነጭ ሶፍት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። አዲስ ወይን ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ እያረጀ ሲሄድ ጠርዙ ቡናማ እየሆነ ይመጣል። ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዙሩትና አሽትቱ። ፕሪም፣ እንጆሪ፣ አንዳንዴ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፤ ኮምጣጤ ከሸተተ ደግሞ ወይኑ ኮምጥጧል። ሁለቱንም ተዉት።

ትንሽ ጎንጨት በሉ፤ ቶሎ አትዋጡት፣ አፋችሁ ውስጥ አንከባሉት። ይጣፍጣል? ምራቅ ያመጣል? ድድ ያደርቃል? ይህ ድድ የሚያደርቀው ነገር ታኒን ይባላል። ከወይን ፍሬው ቆዳና ዘር የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው "ይመራል" ብሎ ወይን የሚተወው በታኒን ምክንያት ነው። መፍትሔው ግን ሳህኑ ላይ ነው።

እስቲ ሞክሩት። መጀመሪያ ሚጥሚጣው ያልበዛበት ለብ ለብ ክትፎ ጉረሱና ወይኑን ጠጡ። ሥጋውና ቅቤው ታኒኑን ያለዝቡታል፤ ያ አፍ የሚያደርቀው ወይን ልስልስ ይላል። ውሃ ጠጡና ደግሞ ዶሮ ወጥ ጉረሱ። ያው ወይን አሁን ያቃጥላል። የበርበሬውና የአልኮሉ ማቃጠል ስለሚደራረብ ወይኑ መራራ ሆኖ ይቀራል፣ የወጡም ጣዕም ይጠፋል።

ስለዚህ ለቀይ ወጥ፣ ለምስር ወጥም ጭምር፣ ጣፈጥ ያለ ወይን ምረጡ። አክሱሚት ወይም ጣፈጥ የሚለው አካሺያ፣ ፍሪጅ ውስጥ ደህና አድርጎ ከቀዘቀዘ፣ ቃጠሎውን ያበርደዋል። ጣፋጭ ወይን የጀማሪ ነው ብለው የሚንቁ አሉ፤ ከበርበሬ ጋር ግን ከደረቁ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ደረቁን ለጥብስ አስቀምጡት። የጥብስ ቅጠል የገባበት የበግ ጥብስ ከሪፍት ቫሊ ሲራ ጋር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቅጠሉ የወይኑን የቅመም ሽታ ያጎላዋል። ላዛኛና ፓስታ በሥጋ ከሜርሎ ጋር ይስማማሉ። በጾም ቀን የእንጉዳይ ጥብስ ጥሩ ነው። አሳ ግን ከቀይ ወይን ጋር ብረት ብረት ሊል ስለሚችል በነጭ ቢሆን ይሻላል።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት። ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ለመጠጥ ካልጣማችሁ፣ ጥብሱ ሊወርድ ሲል ግማሽ ስኒ ጨምሩበትና የአልኮሉ ሽታ እስኪጠፋ አንተክትኩት።