የወርቁ ፒክ ሲጠፋ፣ ሲሸሽ፣ ሲደበቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ወርቅን በማይክሮግራም ደረጃ በስትሪፒንግ ቮልታሜትሪ (ወርቁን ኤሌክትሮድ ላይ ሰብስቦ፣ ቮልት እየጨመሩ ሲሟሟ የሚሰጠውን ከረንት በመለካት) ለምትለኩ ነው፤ ከረንቱ ከፍ የሚልበት ጫፍ ፒክ ይባላል። ኤሌክትሮዱ ቲዮል (ወርቅን የሚይዝ የሰልፈር ውህድ) ያለው ሲሊካ የተቀላቀለበት ካርበን ፔስት፣ ሶሉሽኑ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ሪፈረንሱ (ቮልቱ የሚነጻጸርበት ኤሌክትሮድ) ሲልቨር ክሎራይድ እንደሆነ እንያዝ። ፒክ በተበላሸ ቁጥር ሞዲፋየሩን (ቲዮል ያለውን ሲሊካ) አትርገሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሶሉሽኑ ውስጥ ነው።

ፒኩ ጭራሽ የለም

ሴሉ (የመለኪያው ዕቃ) ላይ ስታንዳርድ፣ ማለትም የወርቅ መጠኑ የታወቀ ሶሉሽን፣ ጨምሩና እዩ። ፒክ ከመጣ ኤሌክትሮዱ ጤነኛ ነው፣ የጠፋው የናሙናው ወርቅ ነው። አሲድ ያነሰው ቀጭን ሶሉሽን ውስጥ ወርቅ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል፣ ስለዚህ ቀጫጭን ስታንዳርዶችን በየቀኑ በአሲድ አዘጋጁ። ስታንዳርድ ተጨምሮም ዝም ካለ ፔስቱን ትንሽ ገፍታችሁ አውጡና ወረቀት ላይ አለስልሱት፣ የሽቦውንም ግንኙነት እዩ። ሌላም አለ፦ ቲዮሉ የያዘው ወርቅ ገና በአዮን መልክ ያለ እንጂ ጠጣር ወርቅ ላይሆን ይችላል። ከስካኑ (ቮልቱን ከመጨመራችሁ) በፊት ለጥቂት ሰከንድ 0 ቮልት አካባቢ ይዛችሁ ወደ ጠጣር ወርቅ ካልለወጣችሁት የሚሟሟ ነገር የለም።

ፒኩ ቦታ ቀየረ

መገኘት ያለበት ከ0.8 እስከ 0.9 ቮልት አካባቢ ነው። ወርቅ ሲሟሟ 4 ክሎራይድ ይዞ ስለሚወጣ ክሎራይዱ በ10 እጥፍ ሲቀንስ ፒኩ በቲዎሪ 80 ሚሊቮልት ገደማ ወደ ፖዘቲቭ ይሸሻል። ስለዚህ ናሙናውና ስታንዳርዱ እኩል አሲድ ይኑራቸው። እኩል ሆኖም ከሸሸ ሪፈረንሱን ጠርጥሩ። ከሌላ ደህና ሪፈረንስ ጋር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አስገብታችሁ በቮልትሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊቮልት መሆን አለበት። ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ካለ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

ስታንዳርዱ ያምራል፣ ናሙናው ግን ትልቅ ጉብታ ነው

ይሄ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነው። ቀይ አፈራችን በብረት የተሞላ ነው፣ ስታሟሙት ብረቱም አብሮ ይወጣል፣ ከወርቁ በሺዎች እጥፍ ይበልጥና 0.5 ቮልት አካባቢ ቤዝላይኑን (ፒኩ የሚነሳበትን መስመር) ያጣምመዋል። ብረቱን ለማሰር ፍሎራይድ ጨምሩ የሚል ምክር ታገኛላችሁ። አሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ (አደገኛ መርዝ) ይሆናል፣ እኔ አልመክርም። ቲዮል ያለው ኤሌክትሮድ የተሠራውም ለዚሁ ነው፦ ቮልት ሳትሰጡ ናሙናው ውስጥ እያማሰላችሁ ወርቁን ያዙ፣ ኤሌክትሮዱን አውጥታችሁ በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ናሙና ያልነካው 0.1 ሞላር አሲድ ውስጥ ለኩ። ብረቱ ያኔ ፊተኛው ሴል ውስጥ ቀረ። ብር፣ ፓላዲየምና ሜርኩሪ ግን ቲዮል ይወዳሉ፣ እነሱ አብረው ይመጣሉ፤ ወርቅ በሜርኩሪ ከሚጣራበት ቦታ የመጣ ናሙና ከሆነ ይሄን አትርሱ።

እያንዳንዱ ናሙና ኤሌክትሮዱን የሚያደክመው ከሆነ ደግሞ ኒትሪክ አሲዱን እዩ። ናሙናው የሚሟሟበት አኳ ሬጂያ 3 እጅ ሃይድሮክሎሪክ 1 እጅ ኒትሪክ ነው፣ የተረፈው ኒትሪክ ቲዮሉን ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል። ጭስ ማውጫ ስር ሃይድሮክሎሪክ እየጨመራችሁ ሊደርቅ እስኪቃረብ ደጋግማችሁ እንዲተን አድርጉት፣ ድርቅ ግን አታድርጉት።

ባዶው (ወርቅ የሌለበት) ሶሉሽን ፒክ ያሳያል

በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ሽሮ ማስፈጨት ማለት ነው፦ የፊተኛው ወርቅ አልለቀቀም። 1.2 ቮልት ላይ አቆይቶ ማጽዳት ባዶ ግላሲ ካርበን ላይ ይሠራል፣ እዚህ ግን ቲዮሉን ያበላሻል። በአሲድ ውስጥ የተሟሟ ቲዮዩሪያ (ወርቁን ከቲዮሉ የሚያስለቅቅ ውህድ) ውስጥ አማስሉት፣ በደንብ እጠቡት፣ ባዶውን እንደገና ለኩ። ካልሄደ ፔስቱን ገፍታችሁ አዲስ ገጽ አውጡ። አዲሱም ፒክ ካሳየ የተበከለው አሲዱ ወይም ዕቃው ነው።

የካሊብሬሽን መስመሩ (የወርቁ መጠንና የፒኩ ቁመት ግራፍ) ላይኛው ጫፍ ላይ ጎበጠ

የቲዮሉ ቦታ ሞልቷል። የመሰብሰቢያውን ጊዜ አሳጥሩ ወይም ናሙናውን አቅጥኑ።