ብሪታኒያ ለምትሄዱ ሐኪሞች፦ ከደመወዙ በፊት ይህን ጠይቁ

ለዕረፍት ድሬዳዋ በመጣሁ ቁጥር ከድል ጮራም ሆነ ከሐረሩ ሕይወት ፋና ወጣት ሐኪሞች ያገኙኛል። ከዚራ ቡና ይዘን እንቀመጣለን፤ ጥያቄው ያው ነው፦ ደመወዙ ስንት ነው? የቤት ኪራይስ? የሚቀጥረኝ ሆስፒታል ፈቃዴን እንዳጸና ለማገዝ ዝግጁ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

የብሪታኒያን ሐኪሞች በሚመዘግበውና በሚቆጣጠረው አካል፣ በጂ.ኤም.ሲ፣ መመዝገብና የመሥራት ፈቃድ መያዝ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2012 ጀምሮ ፈቃድ የሚጸናው ብዙውን ጊዜ በየአምስት ዓመቱ በሚመጣው ሪቫሊዴሽን፣ ማለትም ፈቃድን እንደገና በማጽናት ሂደት ነው። እዚህ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ትምህርት) ሰርተፍኬት አቅርቦ ፈቃድ ማሳደስ የለመደ ሰው፣ እዚያም ወረቀት ማከማቸት የሚበቃ ይመስለዋል። አይበቃም። በየዓመቱ ከሠለጠነ ገምጋሚ ጋር ለአፕሬዛል፣ ማለትም ለሥራ ግምገማ ትቀመጣላችሁ፤ የጥራት ማሻሻያ ሥራችሁ፣ ያጋጠሙ ከባድ ክስተቶች፣ ቅሬታና ምስጋና ሁሉ ይታያል። የባልደረቦችና የታካሚዎች አስተያየትም አለ። በመጨረሻ ሪስፖንሲብል ኦፊሰር የሚባለው የተቋሙ ኃላፊ ሐኪም ይጽና፣ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ወይም ሐኪሙ አልተባበረም ብሎ ያሳውቃል፤ ወሳኙ ጂ.ኤም.ሲ ነው።

ወጥመዱ አጭር ውል ላይ ነው። በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም የሚከታተለው አካል አለው፤ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ግን በአጭር ውል ነው። መጀመሪያ የቀጠረኝ ሆስፒታል በቃለ መጠይቁ ላይ አፕሬዛሉን እናመቻቻለን ብሎኝ ነበር። ከገባሁ በኋላ ለእኔ ዓይነቱ ተቀጣሪ ገምጋሚ አልተመደበም። የሰው ኃይል ክፍሉ ወደ ሕክምና ዳይሬክተሩ ቢሮ ይመራኛል፣ ቢሮው ወደ ክፍሌ ኃላፊ፣ ኃላፊው መልሶ ወደ ሰው ኃይል። ማስረጃ በሚመዘገብበት የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ስሜ እንኳ አልነበረም። ቀኑ ደረሰና ይተላለፍ ተባለ። መተላለፍ ቅጣት አይደለም፤ ፈቃዱም አይቋረጥም። ነገር ግን ለቀጣዩ ቀጣሪ ምክንያቱን እንዳስረዳ የተገደድኩት እኔ ነኝ እንጂ ሆስፒታሉ አይደለም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ደንብ ተቋሙ ሪስፖንሲብል ኦፊሰር እንዲሾምና ለሥራው በቂ ገንዘብና የሰው ኃይል እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሪቫሊዴሽን ከመጀመሩ በፊትም የእንግሊዝ ተቋማት ዝግጁነታቸውን በራሳቸው እንዲገመግሙ ተደርጓል። በእኔ እምነት ቅጽ ላይ አዎ ብሎ መሙላት ዝግጁነትን አያረጋግጥም። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ላይ እናንተም መርምሩ። ሪስፖንሲብል ኦፊሰሩ ማን ነው? ለአጭር ውል ሐኪም ገምጋሚ የሚመደበው መቼ ነው? በእኔ ላይ የቀረበ ቅሬታ ካለ መረጃውን ማን ይሰጠኛል? መልሱ ከተድበሰበሰ በጽሑፍ አስመልሱ።

ደግሞ እናንተም አትዘናጉ። ከጂ.ኤም.ሲ የመጣ ኢሜይል ሳይከፍት ሰንብቶ ኋላ የሚደውልልኝ ሰው ትዕግሥቴን ይጨርሰዋል። ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት በጂ.ኤም.ሲ የኢንተርኔት አካውንታችሁ የተቋማችሁን ስም አስገቡ፤ ሥራ ስትቀይሩም ቀይሩት። ውሉ ሲያልቅ የአፕሬዛል ሰነዶቻችሁን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ፤ የታካሚ ስም ያለበት ወረቀት ግን ከሆስፒታሉ አይወጣም።